ድምፅ የሌለው ጎማ

እኔ በረዶ እፈራለሁ። በመንደራችን በሆንካቫራ ይህን የሚሰማ ሁሉ ይስቃል፤ የዓመቱን እኩሌታ በረዶ የማይለቀው አገር ተወልዶ በረዶ የሚፈራ ሰው ውሃ እንደሚፈራ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቢሆንም እፈራለሁ። መኪና ውስጥ ስገባ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ መሪውን አንቄ እይዛለሁ፤ የምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት እስክደርስ ድረስ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር እንደተሰቀለ ነው። ባለቤቴ ኬዮ፣ ይሄ መሪ ምን በድሎሽ ነው፣ እያለ ያሾፍብኛል።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ፍርሃቴ ወሬ ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ ከሰላምታ የዘለለ ቃል የማይወጣቸው ጎረቤቶቼ ያን ሰሞን አፋቸው ይፈታል። ርዕሱ አንድ ነው፤ የበረዶ ጎማ። ባለሚስማር ይሻላል ወይስ ያለሚስማር? ባለሚስማሩ ላዩ ላይ ጥቃቅን የብረት ጥርሶች አሉት፤ የረጋውን በረዶ ይቧጥጣል፣ አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይንጫጫል። ሌላው ጥርስ የለውም። ጎማው ራሱ ለስላሳ ነው፤ በረዶውን የሚይዘው ላዩ ላይ በተተለተሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ነው፤ ሲሄድም ኮሽ አይልም። በዚህ ጉዳይ ተኳርፈው አንድ ላይ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ መግባት ያቆሙ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

እናቴ ሄልቪ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ግቢያችን ውስጥ ኬዮ በሠራላት ትንሽ ቤት ትኖራለች። ቤታችን ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ የመንደሩ የፖስታ ሣጥኖች ደግሞ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ መንገዱ ከዋናው ጋር የሚገናኝበት ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ጋዜጣዋን ለማምጣት በየቀኑ ትወርዳለች። የምትወርደው በመንሸራተቻዋ ነው፤ በሁለት ረጃጅም የብረት እግሮች ላይ የተሠራ ወንበር ነው፣ ከኋላው ትቆምና መደገፊያውን ይዛ በአንድ እግሯ መሬቱን ትገፋለች። ቁልቁለቱ ላይ መግፋት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ይዟት ይሄዳል። ስትመለስ ጋዜጣውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ እየገፋች ዳገቱን ትወጣለች። ጋዜጣውን ራሷ አታነበውም፤ እኔ ነኝ የማነብላት፣ መጀመሪያ የሞቱትን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። የምታየው ነገር ሁሉ መሐሉ ጉም ነው፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የምትለየው። ስለዚህ መንገድ የምትሄደው በጆሮዋ ነው። በረዶው የተስተካከለበትን መሐል መንገዱን ይዛ ትወርዳለች፤ መኪና ስትሰማ ወደ ዳር ትወጣለች። በውርጭ ቀን ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ የሚስማር ጎማ ሲንኮሻኮሽ መኪናው ገና ሳይታይ ይሰማል። እናቴ መስማት ብቻ አይደለም፣ የማን መኪና እንደሆነም ለይታ ትነግረኛለች። የመንደሩ መኪና ሁሉ ባለሚስማር በነበረበት ዘመን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

መውረዱን ያቆመች ቀን ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። የእሷ እኩያ አይሊ እግሯን ሰብራ ቤት ዋለች፤ ከቤት ወደ አረጋውያን ማደሪያ ተወሰደች፤ አሁን መስኮት ዳር ተቀምጣ የገዛ ልጇን «ማን ነህ?» ትለዋለች። ሐኪሙም እናቴን፣ እግርሽ እስከሄደ ድረስ ትኖሪያለሽ ብሏታል። ስለዚህ የእኔ ፍርሃት መውጫ የለውም። መንገዱ ላይ መሆኗን እፈራለሁ፤ ከመንገዱ መቅረቷን ደግሞ ከዚያ አብልጬ እፈራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት የድሮ ጎማችን ጥርሱ አለቀ። ኬዮ ጫካ ውስጥ ግንድ የሚቆርጥ ትልቅ መሣሪያ ነው የሚያሽከረክረው፤ ሳምንታት ሠርቶ ሲመጣ ጆሮው ይጮህበታል። ቢያንስ መኪናዬ ዝም ይበልልኝ፣ አለ። እኔ ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ ያለሚስማር የምነዳው አልኩት። እንደተኮራረፍን ጎሚስታው ሳካሪ ዘንድ ሄድን። ሳካሪ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ሰው ሲጨቃጨቅ ማየት ስለማይወድ የራሱን መኪና ቁልፍ ሰጠኝና ያለሚስማሩን ሐይቁ ዳር ሞክሪው አለኝ።

ሞከርኩት። ችግሩ የመጣውም ከዚያ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ወረደ። ለካ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሲያስፈራኝ የኖረው የሚስማሩ ድምፅ ነበር፤ በረዶ ላይ ነሽ፣ በረዶ ላይ ነሽ እያለ ሲነዘንዘኝ። አሁን ጸጥ አለ። እየዘፈንኩ ተመለስኩና ይሄ ይሁንልኝ አልኩ። ኬዮ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሳካሪ የት የት እንደምነዳው ጠየቀኝ፤ ዋናው መንገድ ላይ፣ ለሥራና ለገበያ ነው አልኩት። እንዲያ ከሆነ ደህና ነው፣ ዝናብ ጥሎ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲረጋ ግን ከፊትሽ ካለው ነገር ራቅ በይ፣ አለኝ። ስለ እናቴ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ስለ ጎማ ስናወራ ጆሮ ማን ትዝ ይለዋል?

ኅዳርን በሰላም ነዳሁ። መኪናችን በባትሪም የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል። ከአዲሱ ጎማ ጋር ሲሆን የራሴን ትንፋሽ እስክሰማ ድረስ ጸጥ ይላል። ደስ አለኝ፤ መፍራቴን ረሳሁት ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ዝናብ ጣለ፤ ጠዋት ውሃው በረዶ ሆኖ ረጋ። ቁልቁለቱ መስታወት ሆነ። አሸዋ የሚበትነው መኪና ገና አልመጣም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ ረፋዱ ላይ ለገበያ ወጣሁ። ከእናቴ ቤት ጭስ ይወጣ ነበር፤ ምድጃዋ ዘንድ ነች ብዬ አሰብኩ። ሰማዩ ዳምኗል፣ ግን ቀን ነው። ጨለማ ቢሆን ኖሮ የመኪናው መብራት ከፊቷ በረዶው ላይ ይወድቅና ታየው ነበር።

ኩርባውን እንደጨረስኩ አየኋት። ቀይ ኮፍያዋን አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ መሐል መንገዱ ላይ ቆማ እየተንሸራተተች ነው። ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላለች፤ ስታዳምጥ እንደዚያ ነው የምታደርገው። እያዳመጠች ነበር። እኔም ወደ እሷ እየሄድኩ ነበር።

ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናው ግን አልያዘም። እንደውም የፈጠነ መሰለኝ። ቀይ ኮፍያዋ እየተለቀ መጣ። «እማ» ብዬ ጮህኩ፤ መስኮቱ ዝግ ነው። ክላክስ አላደረግኩም። አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል። ግን እኛ ጋ ክላክስ ማድረግ ሰው ፊት ላይ እንደመትፋት ነው። መኪናውን ከገዛን ጀምሮ ያ ነገር ሲጮህ የሰማሁት በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ ብቻ ነው፤ የሚጫነውም መርማሪው ነው። እናቴን ልገድላት ስል እንኳ እጄ ወደዚያ አልሄደም። ሐሳቡም አልመጣልኝም።

የመጣልኝ መሪውን መጠምዘዝ ነበር። ፊቱ ዞሮ ጀርባው ተከተለ፣ መኪናው በጎኑ ሄደ፣ ከዚያ ዳር የተከመረው በረዶ ውስጥ ገብቶ እስከ መስኮቱ ተቀበረ። ጓ አለ። ያንን ሰማች። እግሯን አውርዳ ቆመች፤ ከእኔ እስከ እሷ ያለው ርቀት ከአልጋ አይረዝምም።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማ።» ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

በተሳፋሪው በር በኩል ተስቤ ወጣሁ። እናቴ እየዳበሰች መጣችና ጓንቷን አውልቃ እጇን የመኪናው አፍንጫ ላይ አሳረፈች።

«ከየት መጣሽ?»

«ከላይ። ከቤት።»

«ከኋላዬ?»

«አዎ።»

መንሸራተቻዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሷ ራሷ ስትቀመጥበት አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጋዜጣው ነበር። «አልሰማሁም» አለች። እኔ ተረፍሽ፣ ተረፍሽ እላት ነበር። እንደተቀመጠች እየገፋሁ ወደ ቤት ወሰድኳት።

የሆነው የገባኝ ማታ፣ ድንች ስልጥ ነው። እናቴ ያልሰማችው ጆሮዋ ስለደከመ አይደለም። የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ነው። ቢላዋውን አስቀምጬ ልነግራት ተነሳሁ። በሩ ዘንድ ስደርስ ግን መንሸራተቻዋን በመስኮት አየሁት፤ ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። እንደዚያ የሚደገፈው በረዶው ሲቀልጥ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ገና ታኅሣሥ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሳይ ደስ አለኝ። መሐል መንገዱ ላይ የለችም ማለት ነው። ነገም እዚያ አትኖርም። ተመልሼ ድንቼን ላጥኩ።

ጋዜጣውን እኔ ማምጣት ጀመርኩ። የሞቱትን ሳነብላት እየጮኽኩ እንዳነብ በእጇ ምልክት ታሳየኝ ጀመር። ራሷም መጮህ ጀመረች፤ ደንቆሮ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ድምፁን መመጠን ይተዋል። ሬዲዮዋን ዘጋችው፤ ቅዳሜ ሳውና እንግባ ስላት ደከመኝ አለች። አንድ ቀን ስገባ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች። አይሊ ትዝ አለችኝ። እናቴ ፊቷን ሳታዞር፣ እዚያ የአረጋውያኑ ቤት ስሜን አስመዝግቢልኝ፣ ወረፋው ይረዝማል አሉ፣ አለችኝ። ምግብ ጨምሪልኝ እንደሚል ሰው ነበር ያለችው። ምንም ሳይከብዳት።

ኬዮ ከጫካ ሲመለስ ነገሩን በአንድ ማታ ደረሰበት። እራት ላይ እናቴ እየጮኸች ጨው ጠየቀችው፤ እሱ ደግሞ ሆን ብሎ በሹክሹክታ፣ ዓሣው ጨው በዝቶበታል፣ አለ። እሷ ሳታስበው፣ «ምን በዝቶበታል፣ አልጫ ነው እንጂ» አለች። ኬዮ ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠ። ስትሄድ ጠብቆ፣ ይቺ ሴትዮ ደህና ነች፣ ምን ነግረሻት ነው፣ አለኝ። ምንም አልነገርኳትም አልኩት። ወንጀሌም እሱ ነበር።

ተጨቃጨቅን። ንገሪያት አለ። ከነገርኳት ነገ መሐል መንገዱ ላይ ነች አልኩ። ሚስማሩን መልሰን እንግጠማ፣ አለ። እሺ፣ ቬርነሪስ? አልኩት። ቬርነሪ ከእኛ አልፎ ያለው የመጨረሻው ቤት ልጅ ነው፤ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ በባትሪ ብቻ የሚሄድ ነጭ መኪና ገዝቷል፣ ጎማው ያለሚስማር ነው። በየቀኑ በበራችን አልፎ በዚያው ቁልቁለት ይወርዳል። እኛ ለራሳችን ጎማ እንመርጣለን፤ ለእሱ ማን ይመርጥለታል? ኬዮ፣ እናትሽ በቁሟ እያለቀች ነው፣ አለኝና ጃኬቱን ለበሰ። በማግስቱ ከሳካሪ ዘንድ ባለሚስማር አስገጥሞ መጣ።

እናቴን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ኬዮ ከሥር ተነስቶ ዳገቱን ሲወጣ ገና ከኩርባው በታች እያለ ድምፁ መጣ፤ ያ የምጠላው ንጭንጭ። እናቴ ጭንቅላቷን አዘነበለች። ክንዴን ጨመቀችው።

«ኬዮ ነው» አለች፤ ሳትጮህ። በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «እሰማለሁ እኮ።»

እዚያው በሩ ላይ ነገርኳት። ጎማውን፣ ጸጥታውን፣ ሞተሩ መጥፋቱን። ድንች ስልጥ እንደገባኝና ተመልሼ እንደተቀመጥኩም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣዋን የማውቀው ነው፣ ሳህን የሚያስወረውር ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ አለችኝ።

«ፈራሁ። እንደገና ትወርጃለሽ ብዬ ፈራሁ። የእኛን አሁን ትሰሚያለሽ፣ የቬርነሪን ግን አትሰሚም፣ እማ። ማንም አይሰማውም።»

«አንቺ ብቻ የምትፈሪ ይመስልሻል?» አለች። «አባትሽ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ቁልቁለት ላይ ሳልፈራ የወረድኩበት ቀን የለም። እየፈራሁ ነው የምሰማው። ደንቁሬያለሁ ብዬ ቤት ስቀመጥ ፍርሃቱ ጥሎኝ ሄደ። ጠዋት ስነሳ የምፈራው ነገር አጣሁ። ያኔ ነው፣ በቃ አለቀልኝ ያልኩት።»

እሷ ቦት ጫማዋን አጠበቀች፣ ቀይ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ሳበች፣ መንሸራተቻውን ከግድግዳው አንስታ መንገዱ ላይ አስቀመጠችው።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «ዛሬ አንቺ ጋዜጣ ነሽ።»

እምቢ ልል ፈለግኩ። ግን ብቻዋን ልልካት አልቻልኩም። ተቀመጥኩ። ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ፤ ጨፈንኩ። ከኋላዬ በእግሯ አንድ ሁለቴ ገፋችና ቁልቁለቱ ተቀበለን። ሁለት እጄን ወንበሩ ጠርዝ ላይ አጣበቅኩ። እየሰማሽ ነው? አለችኝ ከጆሮዬ አጠገብ። እየሰማሁ ነበር። ብረቱ በረዶው ላይ ሲያፏጭ፣ ትንፋሿ፣ ሩቅ አንድ ቁራ። ሌላ ምንም የለም። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ቀስ በቀስ እጄ ላላ። እናቴ ከኋላዬ የሆነ የድሮ ዜማ ታንጎራጉር ጀመር። እኔም፣ ምናልባት እስከዛሬ ያለ ነገር ነው ራሴን የማስጨንቀው፣ አልኩ። ፖስታ ሣጥኖቹ ዘንድ እስክንደርስ ድረስ እንደዚያ አምኜ ወረድኩ።

እግሯን አውርዳ ቆመች። ዓይኔን ገለጥኩና ልነሳ ዞር አልኩ።

ነጩ መኪና ከኋላችን ቆሟል። እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነው። ቬርነሪ በሁለት እጁ መሪውን ይዞ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጧል፣ ጆሮው ሁሉ ቀልቷል። መስኮቱን አወረደ።

«ይቅርታ» አለ። «እንዳልረብሻችሁ ብዬ ነው። እማማ ሄልቪ ስለተሻላቸው ደስ ብሎኝ... ቀስ ብዬ ከኋላ ከኋላ ነበርኩ።»

«ከየት ጀምሮ?» አልኩት።

«ከበራችሁ ጀምሮ። ኩርባው ላይ ትንሽ ሸርተት አለብኝ፣ ግን ወዲያው ያዝኩት። ችግር የለም።» ፈገግ አለ፤ ትሁት ልጅ ነው፣ አስተዳደጉ ጥሩ ነው። ክላክስ ለማድረግ አፍሮ፣ ሁለት ሰው ከመኪናው አፍንጫ ፊት አድርጎ ያን ሁሉ መስታወት ወርዷል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቬርነሪ በጥንቃቄ ዞሮን ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። ሲሄድም ምንም አልተሰማም።

እናቴ መንገዱን አላየችም። የምታየው እኔን ነበር፤ በዓይኗ ዳር፣ ፊቷን ትንሽ ዞር አድርጋ።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ሰምተሽው ነበር?»

ሰምቻለሁ ብላት ጆሮዬ ሄዷል ብላ ወደ መስኮቷ ትመለሳለች። አልሰማሁም ብላት ደግሞ ምን እንደምነጥቃት አውቄያለሁ።

«አልሰማሁም፣ እማ።»

ራሷን ነቀነቀች። ሣጥኑን ከፍታ ጋዜጣውን አወጣች፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ ተነሺ አለችኝ። መንሸራተቻውን ወደ ዳር ገፋችው፤ አሸዋ የተበተነበት ላይ። ብረቱ አሸዋው ላይ ሲሄድ ጥርስ ያስነክሳል። እንደዚያ እየጎተተች እስከ ቤት ወጣች።

በማግስቱም ወረደች፤ በየቀኑም ትወርዳለች። ግን አትንሸራተትም። ዳር ዳሩን፣ አሸዋው ላይ፣ መደገፊያውን እንደ ከዘራ ይዛ እርምጃ በእርምጃ ትሄዳለች። እናቴ ያን ቀን አረጀች። አብረን ነው ያስረጀናት፣ እኔም፣ ኬዮም፣ ያ ትሁት ልጅም። ሥራ በሌለኝ ቀን መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ ብርዱ ፊቴን እየገረፈኝ እቆማለሁ፤ ብረቱ አሸዋው ላይ ሲያለቅስ እስከ ታች ድረስ ይሰማኛል። እስከተሰማ ድረስ በሕይወት አለች። ሲቆም ጫማዬን ሳላስር እሮጣለሁ።